በትከሻ ልክ የተቆረጠ በር

አክስቴን ለማማት አልተነሳሁም። ባማትም ግን አይጸጽተኝም፤ እሷም ስለ እኔ የምትለውን እሰማለሁና ተካክለናል። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ቁራጭ» በሚለው ስም ነው። ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ያወጡትም ለስድብ አይደለም። ለአንድ ቀሚስ ብለው የሰጧትን ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ እጅጌውን ከወገቡ ጎን አስጠግታ፣ አንገትጌውን ከብብቱ ስር አሹልካ ስትቆርጠው፣ ቀሚሱ ሙሉ ወጥቶ ለትንሽ ልጅ የሚሆን ጉርድ ይተርፋል። የተረፈውን አትወስድም። አጣጥፋ ከቀሚሱ ጋር ትሰጣለች። ሴቶቹ ሌላውን ሰፊ ሁሉ አልፈው እሷ ዘንድ የሚመጡት ለዚህች ትርፍ ነው።

ጨርቅ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው እዚያው ጨርቁ ላይ ቢቆይ ምን ነበረበት እላለሁ።

እናቴ ታላቋ ናት። ታላቋ ስል በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ አሳድጋታለች። ወላጆቻቸው በላይ በላዩ ሲሞቱባቸው እናቴ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ትንሿን እህቷን ይዛ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ኋላም አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጥራ ድስት እያማሰለች አስተማረቻት፤ ስፌት አስለመደቻት፤ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛችላትም እሷ ናት። አክስቴ ይህንን አትክድም። ደንበኛ ፊት ሳይቀር «እቴቴ ባትኖር እኔ የት ነበርኩ» ብላ ዓይኗ እንባ ያቀራል። እንባው እውነተኛ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት አርፍ ነበር።

የእናቴ እግር የተያዘው እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ትልቁን ድስት ከእሳት ስታወርድ ወገቧ ላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። መጀመሪያ ማነከስ፣ ቀጥሎ ከዘራ፣ በመጨረሻ ባለጎማ ወንበር መጣ። ሐኪሞቹ ለበሽታው ስም ሰጡት እንጂ መድኃኒት አልሰጡትም። ወንበሩን አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰጣት። ሰፊና ከባድ ነው፤ የጎማው ብረት ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ያለ፣ መንገድ ላይ ሰው የሚገፋ። እሷ ግን ወደደችው። እጇ ጠንካራ ስለሆነ እያሽከረከረች ግቢ ውስጥ ትዞራለች፤ ልጆች ሲሯሯጡ «ከመንገድ ዞር በሉ፣ ፍሬን የለኝም» እያለች ታስቃቸዋለች።

እኔና እሷ የምንኖርባት የኪራይ ክፍል ጠባብ ብትሆንም ለእኛ ትበቃ ነበር። ችግሩ ሽንት ቤቱ ነው። የግቢው ተከራይ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ከግቢው ጫፍ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ነበር። እኔ ስኖር አዝላታለሁ። እኔ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምሠራ ስሄድ ጎረቤት ትለምናለች። መለመን ስል ቃሉን አስቤበት ነው። እናቴ የማን ፊት መቼ እንደሚከፋ፣ ማን ዛሬ ከባሏ ተጣልታ እንደዋለች፣ ማን ወገቧን እንዳመማት በፊታቸው እያነበበች፣ የቱን በር እንደምትቆረቁር ስታሰላ ትውላለች። ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ይሰለቻል። አንዷ ጎረቤት እናቴን አዝላ ስትመለስ «ውይ፣ ክብደትሽ» አለች፤ ለቀልድ ነበር። እናቴ አብራ ሳቀች፤ ክፍላችን ከገባች በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

«እኔ ከዚህ ዓለም ሌላ ነገር አልጠይቅም» አለችኝ ያን ዕለት። «በራሴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በራሴ መውጣት። ይኸው ነው።»

አክስቴ ቦታ ማግኘቷን ልትነግረን የመጣችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ደስታዋን የምትይዝበት አጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ የእናቴ አልጋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ቤት ልሠራ ነው አለች። አብረን ልንኖር ነው። ለእቴቴ የራሷ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤቱ አጠገብ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ ሁሉም መሬት ላይ፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለው። እናቴ ካዳመጠች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?»

«ምን ማለትሽ ነው? በቁልፍ በይው በመቀርቀሪያ፣ እንደፈለግሽ» አለች አክስቴ።

እናቴ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ቤቱን መሥራት ተጀመረ፤ አክስቴም ያው አክስቴ ናት። መሃንዲስ ፕላን ለማውጣት የጠየቃትን ዋጋ ሰምታ ከቢሮው እንደወጣች አልተመለሰችም። ቅድ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት ወለል ላይ ዘርግታ፣ በስፌት ጠመኔ ቤቷን ራሷ ነደፈችው። አይቼዋለሁ። ለማየት ያምራል፤ ጋቢ የሚያህል ወረቀት ላይ ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ መኝታ ቤቶቹ እንደ ኮት ክፍሎች ተጋጥመው ተኝተዋል። ከዚያ መቀነስ ተጀመረ። ከሳሎኑ አንድ ጣት፣ ከኮሪደሩ ሁለት ጣት፣ ከጓዳው ስንዝር። ሲጠራቀም አንድ ትርፍ ክፍል ወጣ። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ አጨበጭብላት ነበር።

ግንበኛው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ ሰውዬ ነው። ቀንስ ስትለው ይቀንሳል። ቋሚዎቹ ውስጥ የሚገባውን ብረት አሳሳልኝ አለችው፤ አሳሳ። መሃል ላይ ያለው ቋሚ ቢቀርስ አለችው፤ «ይቅር እትዬ፣ ግድግዳው ይችለዋል» አላት። የጣሪያውን ቆርቆሮ ከግድግዳው ብዙ እንዳያልፍ አሳጠረችው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ግድግዳውን እየላሰ መውረዱን ያወቅነው ኋላ ነው። «ቤቱ የእርስዎ፣ ገንዘቡ የእርስዎ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ» የሚለው ነገር ነበረው። አክስቴ እንዲህ የሚላትን ሰው በጣም ትወዳለች።

በሮቹ ላይ ስትደርስ ግን አክስቴ የጥበቧን ጫፍ አሳየች። የውስጥ በሮች የሚሠሩት ከላሜራ ነው። ላሜራው የሚሸጠው እንደ ጣቃ ጨርቅ በተወሰነ ስፋት ተቆርጦ ነው፤ ብረት ሠሪው ለአንዱ በር የሚሆነውን አውጥቶ የቀረውን ቀጭን ቁራጭ ይጥለዋል። ይጥለዋል ሲሏት አንጀቷ ቅጥል አለ። ላሜራዎቹን የብረት ሠሪው ግቢ አስነጥፋ፣ ተንበርክካ፣ እያገላበጠች አሰላችው። እያንዳንዱ በር ትንሽ ጠበብ ቢል ከቁርጥራጮቹ አንድ ተጨማሪ በር ይወጣል። ለአንዱ በር ሳይከፈል ማለት ነው።

ጠበብ ግን እስከ ምን ድረስ? እሱንም በዘፈቀደ አልወሰነችም፤ አክስቴ በዘፈቀደ የምትሠራው ነገር የለም። አንድ ቀን ከሰዓት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እኛ ዘንድ መጣችና እናቴን «ቀና በይ እስቲ» አለቻት። ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካች። ከክርን እስከ ክርን ለካች። እናቴ ለቤት ምርቃቱ ቀሚስ ሊሰፋላት መስሏት «ደረቱን ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ፣ ያለፈው አፍኖኛል» አለች። እኔም የመሰለኝ እሱ ነው። አክስቴ ለካች፤ የስፌት ትርፍ ጨመረችበት፤ ልኩን ለብረት ሠሪው ሰጠችው።

ወንበሩን አልለካችም። አጠገቧ ነበር፤ ሜትሩን ስትዘረጋ ጉልበቷ ሲነካው አይቻለሁ። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው የተቀመጠበትን ነገር ለክታ አታውቅም።

የገባን ዕለት ጎረቤቶች እቃ አግዘውን ነበር። የውጭው በር ባለ ሁለት ተከፋች ስለሆነ እናቴ በራሷ እጅ እያሽከረከረች ገባች። ሳሎኑን ዞረችው። አዲስ ቀለም ይሸታል። መስኮቱ ጋ ተጠግታ ውጭውን አየች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ ማንንም ሳታማክር ወደ ውስጥ፣ ወደዚያ ወደተነገራት ክፍል ዞረች። ማንም እንዳይከተላት እጇን አነሳች። ለብቻዋ ልትገባ ፈልጋ ነው።

ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ሰማን። ወደ ኋላ ብላ እንደገና ሞከረች። እንደገና ተጋጨ። ሄጄ ሳይ የወንበሩ ሁለት ጎማዎች የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ነክሰው ይዘዋል። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞርን፤ ያው ነው። ሁሉም በሮች ከአንድ ልክ የተቆረጡ ናቸው።

አክስቴ መጥታ መቃኑን በሁለት እጇ ያዘችው። አትስቁብኝ፣ ጎተተችው። ጠባብ እጅጌ ሰው ክንድ ላይ ሲቀር ጎትታ እንደምታሳልፈው ነው የጎተተችው።

«ትንሽ ነው እኮ የጎደለው» አለች። «አራት ጣት ቢሆን ነው። አራት ጣት!»

«ትከሻዬማ ያልፋል» አለች እናቴ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ውልቅ ውልቅ እያሉ ሄዱ።

በሩ ይስፋ ተባለ። ግንበኛው ተጠርቶ መጣ። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቆርቆር አደረገው፣ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፣ ላቡን ጠረገ። ያ የቀረው የመሃል ቋሚ ትዝ ብሎት ኖሯል። አሁን የላዩን ማገር ተሸክሞ የቆመው በሮቹ ያሉበት ግድግዳ ነው፤ መቃኑን ላውጣ ብሎ ከነካካው ምን እንደሚወርድ እሱም አያውቅም።

«እኔ አልነካውም» አለ። «ቢወርድ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ደሜ ፈላ። «ያኔ ይቅር ስትልህ አፍህ የት ነበር?» አልኩት።

«እትዬ ቀንስ አሉኝ፣ ቀነስኩ። ጨምር ቢሉኝ እጨምር ነበር» አለ እየሳቀ። ሳቁ ከልማድ ነው፤ ፊቱ ግን ገርጥቶ ነበር። ሌላ ግንበኛ መጣ፤ እሱ ደግሞ ከመሠረቱ ሌላ ቋሚ አቁሞ፣ ጣሪያውን አስደግፎ ካልሆነ አልሠራም አለ። ዋጋውን ሲነግራት አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች። የቀራት ነገር አልነበረም፤ ያላትን ሁሉ ቤቱ ውጦታል። ይህን ለማመን ስቸገር የገንዘብ ሳጥኗን ሳይቀር አሳየችኝ፤ አፍሬ ዓይኔን መለስኩ።

እናቴ ሳሎን ቀረች። የኪራይ ክፍላችንን ለቀን ወጥተናል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ለሳሎኑ አንድ ጥግ መጋረጃ ተሰፋ። ጥሩ መጋረጃ ነው፤ አክስቴ ከጥሩ ጨርቅ ሠርታ፣ ጫፉን በእጇ ዘምዝማ ሰቀለችው። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋና ክዳን ያለው ባልዲ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ፊት ለፊት ደግሞ የስፌት መኪናዋ ቆመ፤ የሱቅ ኪራይ ለመቆጠብ ሥራዋን ወደ ቤት አምጥታለች።

እንግዲህ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሴቶች ልብስ ሊለኩ ይመጣሉ። ያወልቃሉ፣ ይለብሳሉ፣ መስታወት ፊት ይዞራሉ፣ ያወራሉ። ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ በእጅ ርቀት፣ እናቴ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብላ ሴቶቹ እስኪወጡ ትጠብቃለች። በድሮው ግቢ ጎረቤት ብትለምንም ቢያንስ የሚዘጋ በር ነበረ። እዚህ ጨርቅ ነው ያለው፤ ጨርቅ ድምፅ አያስቀርም። ከፈረቃ ስገባ ፊቷ አመድ መስሎ አገኛታለሁ። እኔ አንስቼ ተሸክሜ በዚያች ጠባብ በር ልወስዳት እችል ነበር፤ የትከሻዋ ልክ ነውና እሷን ታሳልፋለች። ሁለታችንን ግን አታሳልፍም። አዝዬም ታቅፌም ሞክረነዋል። ክንዴ መቃኑ ላይ ተላጠ፣ እሷ ልትወድቅብኝ ለጥቂት ተረፈች። ሁለተኛ እንዳትሞክሪ አለችኝ።

ቤቱን ለማየት የሚመጣም ሰው ነበር። አክስቴ በትንሽ ዋጋ ቤት መሥራቷ ተወርቶላት፣ ሊሠሩ ያሰቡ ምክር ሊጠይቁ ይመጣሉ። እሷም እየዞረች ታስጎበኛለች። ቀለሙን ራሳችሁ ቀቡት። የመስኮት መስታወት ከፈረሰ ቤት ግዙ። ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ «በርና ቋሚ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ፤ እኔ ትምህርት ወስጃለሁ» ትላቸዋለች። ከንፈር ይመጣሉ። ትምህርቱን የወሰደችው እሷ፣ የተማረችባት ደግሞ እናቴ ናት። ይህን አንድ ቀን በፊቷ አልኳት። መኪናዋን ረግጣ መስፋቷን ቀጠለች፤ የሰፋችውን ግን ኋላ ስትፈታው አየሁ።

መፍትሔ ያገኘችው ራሷ ናት። አንድ ቀን አሮጌ እቃ ከሚሸጥበት ሌላ ባለጎማ ወንበር ገፍታ መጣች። ጠባብ ነው፤ ለቀጭን ሰው፣ ምናልባት ለልጅ የተሠራ። በሩ ጋ ወስዳ ባዶውን አሳለፈችው፤ ገባ። አስወጣችው፤ ወጣ። እንደ ልጅ አጨበጨበች። እናቴን ሁለት ሆነን አንስተን ልናስቀምጣት ስንል ግን ዳሌዋ አልገባም። የጎኑ ብረት ያዛት። አክስቴ ትንሽ ገፋ አደረገቻት፤ እናቴ ጥርሷን ነከሰች።

«ትለምጂዋለሽ እቴቴ» አለች አክስቴ። «አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይይዛል።»

እናቴ ወንበሩን ዞር ብላ አየችው። በሩን አየችው። «እዚያ ጥግ አቁሙት» አለች። «ይደርሳል።»

ምን እንደሚደርስ አልጠየቅኳትም፤ አሮጌ ብረት ጥግ ይዞ መቆሙ ብቻ ነበር የታየኝ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ መቀነሷን ያየሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ጥርሴን አመመኝ አለች። ቀጥሎ ሆዴን ነፋኝ። ቁርስ ላይ ምሳ እበላለሁ ትላለች፣ ምሳ ላይ አክስቴ ሥራ ይዛ ቀና ሳትል ያልፋል፣ እራት ላይ ቀን በልቻለሁ። ጉንጯ ገባ። የአንገቷ አጥንት ወጣ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «እግሬን ያላዳኑ ሆዴን ምን ሊያደርጉት» ብላ ዘጋችኝ። ዕድሜ ነው ብዬ፣ ሐዘን ነው ብዬ፣ ወደ ሥራዬ እመላለሳለሁ። አክስቴ ቀሚሷ እንደሰፋባት አየችና ከጎንና ከጎን አጠበበችላት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሰፋ፤ ደግሞ አጠበበች። እጇ ይህን ሲሠራ አእምሮዋ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ሲሰፋ ማጥበብ ሥራዋ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ እናቴ ያንን ወንበር አምጡልኝ አለች። አስቀመጥናት። ብረቱ አልያዛትም። ክርኖቿን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ ጎማውን በመዳፏ እየገፋች፣ በኮሪደሩ ሄደች። እንዳትነኩኝ አለች። በመቃኑ መሃል ገባች፤ ምንም አልተጋጨም። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲወረወር ሰማነው። ቆይቶ ውሃ ሲፈስ ሰማን፣ ደግሞ ቆይቶ እናቴ ማንጎራጎር ጀመረች። ለብቻዋ ስትሆን የምታንጎራጉረው ነገር ነበራት፤ ከድሮው ግቢ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች አለቀሰች። «አየሽ» አለችኝ፤ «አየሽ፣ ቤቱ እኮ ምንም አልጎደለውም ነበር።» ክፉ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እናቴ ውስጥ እያንጎራጎረች ስለነበር ዋጥኩት።

ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አርጥባ ወጣች። ንግሥት መስላ ነው የወጣችው። ደስ ብሎኝ፣ በእጄ የሠራሁትን ትኩስ ምግብ ይዤላት መጣሁ። አንድ ጉርሻ ከእጄ ተቀበለችና ሳህኑን ቀስ ብላ ወደ እኔ መለሰችው።

«ብዪ እንጂ እማ። ዛሬ እንኳን ብዪ።»

አክስቴ እንዳትሰማ አንገቷን ወደ እኔ አዘነበለች።

«ከበላሁ ነገ አላልፍም» አለችኝ።